ውብአየሁ ያልደበቀቻት ልጅ

ውብአየሁ «ሴት ልጄን ወንድሞቿ አበላሹብኝ» ስትል ሃያ ጊዜ ሰምቻታለሁ፤ ሃያውንም ጊዜ አላመንኳትም። ፉሪ ላይ ግድግዳ ተጋርተን ስንኖር ያየሁትን አውቃለሁ። ባሏ ሲሞት ሦስት ወንዶችና አንዲት ጡት ያልጣለች ሴት ልጅ ትቶባት ሄደ። ሰበታ አንድ ልብስ ፋብሪካ እየሰፋች በምታመጣው ደመወዝ አዲስ ልብስ የሚገዛው ለበኩሯ ለበሪሁን ብቻ ነበር። የእሱ ሱሪ ለሁለተኛው፣ ከዚያ ለሦስተኛው፣ መጨረሻ ላይ ጉልበቱ ተጥፎ ለዕድላዊት ይደርሳል። ታዲያ ልጅቷን ሱሪ ያለበሳት ማን ሆነና ነው? የራሷን ሥራ በልጆቿ ታላክካለች።

ዕድላዊት ግን ሱሪውን ወደደችው። ከወንድሞቿ ጋር ኳስ እየተራገጠች፣ ጣሪያ ላይ ወጥታ ቆርቆሮ እየመታች አደገች። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላት በሪሁን ፀጉሯን በቶንዶስ አሳጠረላትና «ዕድሉ» አላት። ያን ቀን ውብአየሁ አለቀሰች። «ዕድሉ የሚባል ልጅ የለኝም! ሴት ናት!» ብላ ቶንዶሱን ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት። እኔ ሳቅኩ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፈችኝ።

ከዚያ 2009 ዓ.ም. መጣ። አዲስ አበባን ወደ እኛ ሰፈር የሚያሰፋው ማስተር ፕላን ቀርቷል ቢባልም ቁጣው አልበረደም ነበር። የጅማ መንገድ ተዘጋ፣ ፋብሪካ ነደደ፣ አስቸኳይ ጊዜ ታወጀ። ወታደር በየሰፈሩ ወጣት ወንድ ያፍስ ጀመር። ውብአየሁ ሦስቱን ወንዶች በማለዳ ሚኒባስ አሳፍራ አዲስ አበባ እህቷ ቤት ደበቀቻቸው። ዕድላዊትን አስቀረቻት። «እሷን ማን ይነካታል? ሴት ናት» አለችኝ። እኔም «እውነትሽን ነው» አልኳት። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በሦስተኛው ቀን ዕድላዊት ዳቦ ልትገዛ ወጥታ ቀረች። ጎረቤታችን ኦቦ ጎበና እያለከለኩ መጡ። ወታደሮች ዳቦ ቤት ከተሰለፈው ሰው መሃል ወንድ ወንዱን መርጠው በመኪና ጭነዋል፤ ልጅቷም አብራ ተጭናለች።

ተያይዘን ሄድን። የታፈሱት በታጎሩበት መጋዘን በር ላይ ውብአየሁ «ሴት ልጄን ይዛችኋል» አለች። ጠባቂው ቀና ብሎ እንኳ አላያትም።

«እዚህ ሴት የለም፣ እናቴ።»

ልትጮህ ስትል ኦቦ ጎበና ነጠላዋን ይዘው ወደ ኋላ ሳቧት።

«ማሎ፣ እባክሽ ውብአየሁ፣ ዝም በይ! ሴት የለም ካሉ አላወቁባትም ማለት ነው። ወንድ ነው በያቸው፤ ለምን እንደሆነ አሁን አትጠይቂኝ።»

ቃሉ ከአፏ አልወጣ አላት። ስንት ዓመት የተጣላችው ቃል ነው። በመጨረሻ ወደ ጠባቂው ተመለሰችና «ተሳስቼ ነው፤ ወንድ ልጄን ነው የምፈልገው። ዕድሉ ይባላል። ገና አሥራ አምስት ዓመቱ ነው» አለች። ጠባቂው መዝገቡን ገለጠ። ዕድሉ የሚል ስም ነበረ።

ሦስት ቀን እዚያ በር ላይ ዋልን። በአራተኛው ቀን ኦቦ ጎበና ለምነውና ዋስ ሆነው ፈርመው፣ ዕድሜያቸው ካልደረሰ ልጆች ጋር አስወጧት።

ቤት ስንገባ ውብአየሁ ልጇን አጠበቻት፣ አበላቻት፤ ንዴቷ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«አንቺ፣ ምን ነክቶሽ ነው ሴት ነኝ ያላልሻቸው? ያኔውኑ ይለቁሽ ነበር እኮ!»

ዕድላዊት የጎረሰችውን አኝካ እስክትጨርስ ጠበቅናት።

«አብረውኝ የተያዙት ናቸው ዕድሉ ነኝ በይ ያሉኝ። ስንተኛም መሃላቸው ያደርጉኝ ነበር» አለች። «እማ፣ እዚያ ውስጥ ዱላው አይደለም ያስፈራኝ። ወታደሮቹ ሴት መሆኔን እንዳያውቁብኝ ነበር።»

ውብአየሁ ትክ ብላ አየቻት።

«እኔ ደግሞ የደበቅኩት ወንድሞችሽን» አለች።