ጭብጨባው የተቆረጠበት ቴፕ

ክፍሉ መስኮት አልነበረውም። ከበሩ በላይ የጣሪያው ቆርቆሮ ተቀዶ ነበር፤ ብርሃንም ዝናብም የሚገቡት በዚያ ነው። የሲሚንቶው ወለል ግማሹ እርጥብ ነው። ፖሊሱ እኔንና ወንድሜን ገፍቶ ሲያስገባን ሁለት ሰዎች ደረቁን ግማሽ ይዘው ተቀምጠዋል። አንዱ የነተበ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው ሠላሳ ዓመት የሚሆነው፣ ጣቶቹ ረጃጅም የሆኑ ቀጭን ሰው ነው።

«እናንተስ የምን ናችሁ?» አለ ቀጭኑ።

«የቴፕ» አለ ወንድሜ።

«ሰርቃችሁ?»

«ቀድተን።»

«ምን? ጠላ?» አለና ብቻውን ሳቀ። «እኔ የኪስ ነኝ። እሳቸው የመሬት ናቸው። ግቡ እንጂ፣ ቤት ለእንግዳ!»

ሽማግሌው አልሳቁም። ወንድሜ በር ላይ ሲስል ሰምተውት ነበር። ፈቀቅ ብለው ከጎናቸው ቦታ ለቀቁለት። «ና ልጄ፣ እዚህ ይሻልሃል። እርጥቡ ለደረት አይሆንም» አሉት።

ወንድሜን ጋሼ ነበር የምለው። በስምንት ዓመት ይበልጠኛል። ኮልፌ ገበያ ጀርባ አንዲት ጠባብ ሱቅ ነበረችው፤ ሬዲዮና ቴፕ ይጠግንባታል። እኔ አሥራ አንደኛ ክፍል ነበርኩ። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስለ እሱ ስጽፍ እጄ ይቆማል። ብቻ እንደሆነው ልጻፈው።

አስመራ ከአሜሪካኖች ዘንድ ይሠራ የነበረ አንድ የድሮ ጓደኛው አልፎ አልፎ ቴፕ ይልክለት ነበር። ስቱዲዮ የተቀዳ ዘፈን አይደለም። አሜሪካን አገር ሕዝብ ፊት ሲዘፈን የተቀዳ ነው። የጥቁሮቹ ሶል የሚባለው ዘፈን አለ፤ ጆሮ የሚበሳ የሮክ ጊታር አለ፤ አንዲት ሴት ብቻዋን ጊታር ይዛ የምታንጎራጉረው አለ። ዘፋኙ በመሃል ሲያወራ፣ ክራር እንደሚቃኝ ሰው ክሩን ሲያጠብቅ፣ ሕዝቡ ሲያጨበጭብና ሲጮኽ ሁሉ ይሰማል። እሑድ ከሰዓት በኋላ እኛ ቤት ተሰብስበን ሁለት ቴፕ ፊት ለፊት እናስቀምጥና አንዱ ሲያጫውት ሌላው በማይክራፎን ይቀዳል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ ስላልነበረን ነው። ስለዚህ ቴፑ እስኪያልቅ ክፍሉ ውስጥ ማንም አይተነፍስም። የሳለ ሰው ለዘላለም ሳለ ማለት ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚስለው ወንድሜ ነበር።

ሁለት ደንብ ነበረው። አንደኛው፣ የተቀዳለት ሰው ለሌላ ሰው መቅዳት አለበት። ሁለተኛው፣ ጭብጨባ አይቆረጥም። ሌሎች የቴፕ ክር ለመቆጠብ ጭብጨባውን ይዘሉታል። እሱ ይቆጣ ነበር። «ጭብጨባውን ከቆረጥከው ሸክላ ሆነ። ሸክላ ከፈለግህ ሱቅ አለልህ» ይላል።

ያሰረን ይኸው ደንብ ነው።

አንድ እሑድ ባለጊታሯን ሴት ስንቀዳ፣ ዘፈኑን ጨርሳ የሆነ ነገር ተናገረችና ዝም አለች። በዚያ ዝምታ መሃል አንድ ጓደኛችን ወደ ማይክራፎኑ ጎንበስ አለና «መሬት ላራሹ!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው የዚያ አገር ሕዝብ በጭብጨባና በጩኸት አስተጋባ። ቤቱ ተናወጠ። ለእሱ የመለሱለት ነው የሚመስለው። መሬት ላይ ተንከባለልን። ወንድሜ «አበላሸኸው፣ አንተ ጅል!» ብሎ ጮኸበት፤ ከዚያ መልሶ አጫወተውና እስኪስል ድረስ ሳቀ። ማጥፋት ይችል ነበር። አላጠፋውም። እንደ ደንቡ ሌላ ሰው ተዋሰው፣ ሌላ ሰው ቀዳው፣ በመጨረሻ ማዞሪያው አጠገብ ባለ ቡና ቤት ተጫወተ። እዚያ አንድ ጆሮ ጠቢ ተቀምጦ ነበር። ከእጅ ወደ እጅ ተከታትለው እኛ ቤት ደረሱ።

ጓደኛችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ታስሮ፣ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ላይገባ ፈርሞ ነው የወጣው። ሁለተኛ ከተያዘ ከአዲስ አበባ አርቀው እንደሚወስዱት ሁላችንም እናውቃለን።

የጣቢያው መቶ አለቃ ወንድሜን በየጊዜው ያስጠራው ነበር። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። የሚመልስለትም አንድ ነገር ነው።

«የጮኸው ማነው?»

«እኔ ነኝ ጌታዬ።»

«አንተማ ደረጃ ስትወጣ ታለከልካለህ። ስሙን ንገረኝ፤ ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ። ይሄም ልጅ ትምህርቱን ይማር።»

«እኔ ነኝ።»

ክረምቱ ገብቶ ነበር። ወንድሜ ማታ ተጋድሞ መተኛት ስላቃተው ግድግዳ ተደግፎ ያድራል። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ያለብሱታል፤ እሱ መልሶ ያለብሳቸዋል። ቀጭኑ ሰው ይህን ሲያይ፣ «ስም እኮ አይከብድም፣ ወንድሜ። እኔ ብሆን የነፍስ አባቴን ስም ሰጥቻቸው ወጥቼ ነበር» አለው። ወንድሜ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠበት፤ ቀጭኑ ሰው ደነገጠና ጀርባውን መታ መታ ያደርገው ጀመር። ከዚያ ወዲያ አላሳቀውም።

አንድ ቀን በረዶ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ወንድሜ ጣቱን ወደ ላይ ቀስሮ፣ «ሕዝቡ ገባ» አለኝ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስለ ዘፈን የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ሽማግሌው ከሆለታ ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ጭሰኛ ናቸው። ባለርስቱ ካባታቸው ጀምሮ ከሚያርሱት መሬት ሲያስነቅላቸው አቤት ሊሉ መጡ። ከአንድ ትልቅ በር ላይ አልነሳም ስላሉ ተያዙ። አማርኛቸው ቀስ ያለ ነው፤ ኦሮምኛቸውን በልባቸው እየመለሱ ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን፣ «ልጄ፣ ለመሆኑ የታሰራችሁበት ቃል ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁት።

ወንድሜ ወደ ጆሯቸው ጠጋ ብሎ ነገራቸው።

ቃሉን በከንፈራቸው መለሱት። «ማነው እንዲህ ያለው?»

«ተማሪዎች ናቸው፣ አባባ።»

«እነሱ ያርሳሉ?»

«አያርሱም።»

«ታዲያ ማን ነገራቸው?» አሉ።



አንድ ቀን ጧት ወንድሜንና እኔን ጠሩን። መቶ አለቃው ጠረጴዛ ላይ የወንድሜ ቴፕ ከነማይክራፎኑ ተቀምጧል። ፖሊሱ ክሩን ማስገባት አቅቶት አጠላልፎታል። በማግሥቱ ቴፑ ለበላይ አለቆች ይላካል ተብሏል፤ መቶ አለቃው ከመላኩ በፊት ስም ማግኘት ፈልጓል። ወንድሜ የተጠላለፈውን ክር በጥፍሩ ቀስ ብሎ ፈታ። በራሱ ላይ የሚቀርብ ማስረጃ እንደሆነ እያወቀ፣ እንደ ደንበኛ ዕቃ ተጠንቅቆ ነው ያስገባው። ከዚያ አጫወተው።

ጊታሯ ተሰማች። ሴትዮዋ ተናገረች። ዝም አለች። «መሬት ላራሹ!» ሕዝቡ አስተጋባ።

«አቁም» አለ መቶ አለቃው። «ስንት ሺ ሰው ነው ይሄ? የት ሜዳ ነው የተሰበሰበው?»

«እዚህ አይደለም። አሜሪካን አገር ነው ጌታዬ፤ ለዘፈኑ ነው የሚያጨበጭቡት።»

«ፈረንጅ ነው መሬት ላራሹ የሚለው?»

ፖሊሱ ሳቁን ለመዋጥ ወደ መስኮቱ ዞረ። ወንድሜ እንዴት እንደሚቀዳ አስረዳ። መቶ አለቃው ሰምቶ ሲጨርስ፣ «እንግዲያው አንተ ከሆንክ በልልኝ» አለ።

«ምን ልበል?»

«ቃሉን ነዋ! ቅዳውና እናስተያየዋለን።»

ወንድሜ ቴፑ ከቆመበት ላይ መቅጃውን ተጫነ። አፉን ከፈተ። ቃሉ ግማሽ ላይ ተቆረጠና ሳል ሆነ።

«በል! ጮክ ብለህ!»

ደገመው፤ አልሆነም። እኔ፣ «የኔ ድምፅ ነው» አልኩ። ወንድሜ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። መቶ አለቃው እኔንም አስጮኸኝ። ድምፄ ተሰነጠቀ።

«በማይክ ሲገባ የማንም ድምፅ ሌላ ይሆናል ጌታዬ» አለ ወንድሜ። «በዚህ ሰው አይለይም።»

«እናያለን» አለና ከክፍሉ ሁለቱንም አስመጣቸው። መጀመሪያ ቀጭኑ ሰው ጮኸ፤ ገበያ ውስጥ ዕቃ እንደሚያሻሽጥ ደላላ አዚሞ ነው ያለው። ቀጥሎ ሽማግሌውን፣ «አንተም በል» አላቸው።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን አስተካከሉ። አልጮኹም። «መሬት ላራሹ» አሉ፤ ለአንድ ሰው እንደሚናገሩ።

«አልተሰማም። ጮክ በል!»

ሁለተኛ አሉት። እንዴት እንደምለው አላውቅም። ያን ቃል ተማሪ ሲለው ሰምቻለሁ። እንደዚያ ሲባል ግን ሰምቼ አላውቅም። ከውጭ ያሉት ፖሊሶች ወሬያቸውን አቋረጡ። መቶ አለቃው ከወንበሩ ሊነሳ ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

«መልሰህ አጫውተው» አለ በመጨረሻ።

ወንድሜ መለሰው። ጓደኛችን ጮኸ፤ ሕዝቡ ትንሽ አስተጋባ፤ ከዚያ የወንድሜ ሳል መጣ። ቀጥሎ የመቶ አለቃው ድምፅ ጥርት ብሎ ወጣ፤ «በል! ጮክ ብለህ!» ከእሱ በኋላ ያ ቃል ባራት ሰው አፍ፣ በገዛ ቢሮው ውስጥ ተደጋገመ። ነገ ወደ ላይ የሚሄደው ይህ ነበር።

መቶ አለቃው ዓይኑን ከቴፑ አላነሳም። ዝናቡ ጀምሯል።

«አጥፋው» አለ።

«ከየት ጀምሬ?» አለ ወንድሜ።

መቶ አለቃው ሽማግሌውን አየ። «ከቃሉ ጀምረህ። ከመጀመሪያው ቃል።»

ወንድሜ ክሩን ወደ ኋላ መለሰና ባለጊታሯ ዝም ያለችበት ቦታ ላይ አቆመው። ጣቱ መቅጃው ላይ ቆየ። የጓደኛችን ድምፅ ሊጠፋ ነው፤ እነሱ እጅ ያለው ክር ይኸው ብቻ ስለሆነ ከእንግዲህ የሚስተያይ ነገር አይኖርም። የሕዝቡም ጭብጨባ አብሮ ይጠፋል። ተጫነው። ማይክራፎኑን ግን አልነቀለውም። አየሁት። እሱም አየኝ። ክሩ እየዞረ እስኪያልቅ ድረስ ሁላችንም ሳንንቀሳቀስ ቆምን፤ መቶ አለቃውም ጭምር። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመስል ነበር።

ሲያልቅ መቶ አለቃው ሽማግሌውን፣ «ይግቡ፣ አባባ» አላቸው። ከዚያን ቀን በፊት እርስዎ ብሏቸው አያውቅም።

ስም የጠየቀን አልነበረም ከዚያ ወዲህ። ሐኪም ቤት የወሰደንም አልነበረም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል በዋስ ስንለቀቅ ፖሊሱ ቴፑን ከነክሩ እጄ ላይ ጣለልኝ። ሽማግሌው እዚያው ቀሩ። ወንድሜ ስንወጣ ጃኬቱን አልብሷቸው ነው የወጣው፤ እምቢ ቢሉም አዝራሩን ራሱ ቆለፈላቸው።

መስቀልን አየ። ከዚያ ብዙ አልቆየም።

አሁን ያ ቃል በሬዲዮ ይነገራል። ሰልፍ ሲወጣ ሕፃን ሳይቀር ይጮኸዋል። ድምፁ የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሽማግሌው ሰምተውት ይሆን እያልኩ አስባለሁ። ሱቁን ሌላ ሰው ተከራይቶታል።

ባለፈው እሑድ ጓደኛችን ቴፕ ተውሶ መጣ። ለቅሶው ላይ ከተቀመጠ ወዲህ ቤታችን አልመጣም ነበር። «ቅዳልኝ» አለኝ። ከወንድሜ በኋላ ያን ክር ለማንም አላጫወትኩም። ደንብ ግን ደንብ ነው።

«ከዘፈኑ በኋላ ያለው ዝናብ ብቻ ነው። እዚያ ላይ ላቁም?» አልኩት።

«አትቁረጠው» አለ።

ሁለቱን ቴፖች ፊት ለፊት አስቀመጥን። ሴትዮዋ ዘፍና ጨረሰች፤ ተናገረች፤ ዝም አለች። ጭብጨባው በሚመጣበት ቦታ የጣቢያው ቆርቆሮ ላይ የወረደው ዝናብ መጣ። ቆይቶ ወንድሜ ሳለ። አንዴ፣ ከዚያ ረዘም ያለ። ከበስተጀርባው የሽማግሌው ድምፅ ቀስ ብሎ «እግዜር ይማርህ» ይላል።

ጓደኛችን አፉን በእጁ ይዞ ነበር። ክሩ እስኪያልቅ ድረስ ማናችንም አልተነፈስንም።