ከጣሳው የተረፈው ውሃ

ይህ የደረሰብኝ ኮሮና ወደ አገራችን ከገባ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ጥቅምት፣ ተቋርጦ የቆየው የእግር ኳስ ሊግ ሊመለስ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ነው። ከዚያ ወዲህ ያሳለፍኩትን ብዙ ነገር ረስቻለሁ። ከአንድ ረቡዕ ማለዳ እስከ ማግስቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ያለችውን አንዲት ቀን ግን ሰዓት በሰዓት አስታውሳታለሁ።

ሥራዬ በረኛነት ነው። በዚያን ጊዜ ከመተማ ርቆ በሚገኝ ከተማ ባለ አንድ ክለብ ውስጥ ሁለተኛ በረኛ ነበርኩ። ሁለተኛ በረኛ ልብሱን ለብሶ ተጠባባቂ ወንበር ላይ ዓመቱን የሚጨርስ ሰው ነው። እኔም ያን ዓመት ከጨዋታ ይልቅ በመጽሐፍ አሳልፌዋለሁ ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ሊጉ ሲቋረጥ ወደ ትውልድ ከተማዬ ወደ መተማ ዮሐንስ ተመለስኩና ሰባት ወር ያህል ተቀመጥኩ።

በመስከረም መጨረሻ የቡድን መሪያችን ደወለ። ሊጉ ሊመለስ ነው፤ ካምፕ የሚገባው ግን ከቫይረሱ ነፃ መሆኑን የሚያሳይ ውጤት የያዘ ብቻ ነው። የመግቢያው ቀን ቅዳሜ ነበር።

«አንተ ደግሞ ድንበር ላይ ነህ» አለኝ። «እዚያ በሽታው በሾፌሮቹ ገብቷል ሲባል ሰምተናል። ይቅርብን ያሉም ነበሩ፤ እኔ ነኝ የተከራከርኩልህ። እንዳታሳፍረኝ። ሌላ በረኛ ስልኩን ይዞ እየጠበቀ ነው።»

የሰማው እውነት ነበር። ከሱዳን ከገቡት የከባድ መኪና ሾፌሮች ጥቂቶቹ ላይ ቫይረሱ ተገኝቶ፣ አብረዋቸው የበሉና ያደሩ ሰዎች ሁሉ በአንድ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ለሁለት ሳምንት ተዘግቶባቸው ነበር። ሰው ከበሽታው ይልቅ ያን ግቢ ይፈራ ነበር። እኔም እንደዚያው። ሁለት ሳምንት መዘጋት ለእኔ ክለቤን ማጣት ማለት ነበርና።

እናቴና ወንድሜ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ ኮኪት ሄደው ስለ ነበሩ ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት ከሰፈሩ ወጣቶች ጋር አቧራማው ሜዳ ላይ ልምምድ እሠራለሁ። ከሜዳው ትይዩ የሐጂ ኢድሪስ ሱቅ አለ። ሐጂ ጨርቃ ጨርቅና ቅመም የሚሸጡ፣ ነጭ ጀለቢያቸው ከአቧራው ጋር ሲታገል የሚውል፣ ሰባ ዓመት የተሻገሩ አዛውንት ናቸው። በሱቃቸው ደጅ፣ ከኒም ዛፉ ሥር፣ እኛም እንደ ሱዳኖቹ ዚር የምንለው ትልቅ የሸክላ ጋን አስቀምጠዋል። ውሃው ለአላፊ አግዳሚው ሁሉ ነው። ሾፌሩ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረደው ሠራተኛ፣ የባጃጁ ልጅ፣ ሁሉም በአንዲት ጣሳ ይጠጣል።

ሐጂ አንድ የማይጥሱት ሥርዓት ነበራቸው። ደጃቸው ላይ ውሃ አይደፋም። ሰው ጠጥቶ ያስተረፈውን ከእጁ ተቀብለው ራሳቸው ይጨርሱታል። «በዚህ በረሃ የውሃ ትራፊ የሚደፋ ሰው ጥም አያውቅም» ይላሉ። በሽታው ከመጣ በኋላ እንኳ የጣሳውን ነገር ያነሳባቸው ሰው አልነበረም። ማን ደፍሮ?

ለእሑድ አጥቢያ ሌሊቱን ሲያንቀጠቅጠኝ አድሬ ነጋ። አጥንቴ ሁሉ ያመኝ ነበር። በእኛ ቆላ በጥቅምት ወር ትኩሳት ሲመጣ ማንም ስሙን አይጠይቅም፤ ስሙ ወባ ነው። እናቴ ካለፈው ዓመት ያስተረፈችውን የወባ ክኒን ከሣጥኗ አውጥቼ ዋጥኩ፤ የትኩሳት ማስታገሻም ጨመርኩበት። ከዚያም ሜዳ ወጣሁ። ብቀር «ታሞ ነው» ይባላል፤ ወሬ ደግሞ እዚህ ከተማ ከመኪና ይፈጥናል።

ያን ጠዋት ቀላል ኳስ ሁሉ አመለጠኝ። ማሩ የሚባለው አጥቂ ሦስተኛውን ሲያገባብኝ፣ «ምነው በረኛው፣ ኳሷን ቆመህ ነው የምታሳልፋት? እንግዳ ናት እንዴ?» አለኝ።

«ተወው» አለው ሌላው። «ፕሮፌሽናል ነው። ጎል የሚገባበትም በሥርዓት ነው።»

ሳቁ። እኔም የሳቅኩ መሰልኩ።

ከዚያ እንደ ልማዳችን ወደ ዚሩ ሄድን። ሐጂ ጣሳውን ሞልተው መጀመሪያ ለእኔ ሰጡኝ።

«ያ ወለድ፣ አንተ ልጅ፣ መቼ ነው የምትሄደው?»

«ዓርብ ንጋት ላይ ነው ሐጂ።»

«ኢንሻ አላህ። እዚያ ስትደርስ ያንን መጽሐፍህን አስቀምጥና ኳሱን ያዝ። በቴሌቪዥን ባየሁህ ቁጥር ተቀምጠህ ነው የማይህ። እንዲያ ከሆነ እኔም ሱቄ ደጅ ተቀምጬ ደመወዝ ይከፈለኝ እንጂ!»

ልጆቹ እንደገና ሳቁ። እኔ ግን ጉሮሮዬ አልቀበል ብሎኝ ግማሹን እንደ ጠጣሁ ጣሳውን ከአፌ አራቅኩት። ሐጂ እጃቸውን ዘረጉ። ለአፍታ ያህል ጣሳውን ጨብጬ ቆየሁ። «አይጠጡት፣ አሞኛል» ማለት ሁለት ቃል ብቻ ነበር። ልጆቹ ይሰሙኛል ብዬ ፈራሁና ሰጠኋቸው። ቢስሚላህ ብለው እስከ ጠብታው ጨረሱት።

ሰኞ ለምርመራ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ናሙናውን ከመውሰዷ በፊት፣ «ትኩሳት ነበረህ?» አለችኝ።

«የለም» አልኩ። ማስታገሻ ስለ ወሰድኩ የሙቀት መለኪያውም መሰከረልኝ። ናሙናው ወደ ጎንደር ሄደ፤ ውጤቱ ሐሙስ ማምሻውን ይደርሳል ተባልኩ። ማክሰኞ ትኩሳቱ ለቀቀኝ። ይኸው፣ ወባ ነበር አልኩ፤ ክኒኑ ሠራ። እግዚአብሔርንም አመሰገንኩ።

ረቡዕ ማለዳ ጉልበቴን ላሻሽ ብዬ የእግር ማሻሻ ቅባቴን ከፈትኩ። ያ ቅባት ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፤ የመልበሻ ክፍል ሁሉ ሽታ እርሱ ነው። ያን ቀን ግን ምንም አልሸተተኝም። ቆርቆሮውን አፍንጫዬ ሥር ደቀንኩት። ምንም። ሽንኩርት ከተፍኩ። ነጭ ጋዝ ወዳለበት ጀሪካን ጎንበስ ብዬ በረጅሙ ሳብኩ። ዓለሙ ሁሉ እንደ ታጠበ ሳህን ሆነብኝ።

ወባ ሽታ አይወስድም።

ስለ ጥንት ወረርሽኞች ብዙ አንብቤ ነበር። ስለ ተዘጉ የከተማ በሮች፣ ስለ ተጣሉ ሬሳዎች፣ ሞትን በልብሱ እጥፋት ይዞ ስለ ገባ መንገደኛ። ሳነብ ራሴን የማስቀምጠው ዘወትር በሩን ከዘጉት ሰዎች ጋር ነበር። መንገደኛው እኔ ልሆን እንደምችል አንድም ቀን አልታሰበኝም።

በመስኮት ወደ ሜዳው አየሁ። የሐጂ ሱቅ ተዘግቷል። በሥራ ቀን ተዘግቶ አይቼው አላውቅም። ዚሩ ላይ እንጨት ተከድኖበታል።

ማሩ በደጄ ሲያልፍ ከሩቅ ጠየቅኩት።

«ሐጂን ትናንት ማታ አንቀጠቀጣቸው» አለኝ። «ወባ ናት። ልጃቸው ክኒን ገዝታላቸዋለች።»

መናገር የነበረብኝ ያኔ ነበር። በሩን ዘግቼ ተቀመጥኩ። ብናገር ከሰዓት በፊት ወደዚያ ግቢ ይወስዱኛል፤ ዝም ብል ግን ምናልባት ውጤቱ ነፃ ነህ ይላል፤ ምናልባት ሐጂም ነገ ይነሣሉ፤ ምናልባት እውነትም ወባ ነው። ያን ቀን ስንት «ምናልባት» እንደ ደረደርኩ አላውቅም። ቡድን መሪው ሲደውል፣ «ደህና ነኝ፣ ዓርብ እነሣለሁ» አልኩት። ድምፄ ሳይንቀጠቀጥ ነው ያልኩት። በኋላ ያስፈራኝ እርሱ ነው። ውሸቱ እንዲያ የተስተካከለ መሆኑ።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ጨረስኩ። ከዚያ፣ ለመሰናበት ነው ብዬ ራሴን እየደለልኩ፣ አፍንጫና አፌን ሸፍኜ ወደ ሐጂ ቤት ሄድኩ። ወደ ውስጥ አልገባሁም። በጓሮ በኩል ካለው መስኮት ስር ቆምኩ። ሐጂ ሲተነፍሱ ይሰማኝ ነበር። ትንፋሹ አጭር ነው፤ ሩጫ ጨርሶ እንዳቆመ ሰው፣ ግን የማያርፍ።

«ማነህ?» አሉ።

«እኔ ነኝ ሐጂ። በረኛው።»

«አሃ... መኪናህ እንዳያመልጥህ። ሂድ። ወባ ናት፣ ትተወኛለች።»

ከዚያ ወጣኝ። «ሐጂ፣ እሑድ ዕለት ትኩሳት ነበረብኝ። ጣሳውን ስሰጥዎት ታምሜ ነበር። ደብቄዎት ነው። ወባም አይደለም።»

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ይገባኛልም ብዬ ነበር።

«አውቄአለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ጣሳውን ስቀበልህ እጅህ እንደ ምድጃ ነበር። ወላሂ፣ እኔም ወባ ነው አልኩ። ልጅ ፊት ውሃ ልድፋ?»

የሐጂ ልጅ ይህን ሰምታ ወደ ጓሮ ወጣች። ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጭና አየችኝ። እዚያው ፊቷ ቆሜ ለጤና ጣቢያው ደወልኩ።

መኪናው ሲመጣ የመጡት ሰዎች ከእግር እስከ ራሳቸው ተሸፋፍነው ነበር። ሐጂን በቃሬዛ አወጧቸው። ሰፈሩ ሁሉ ከሩቅ ቆሞ ያያል። እኔን ለብቻዬ ወሰዱኝ፤ ከጣሳዋ አብረውኝ የጠጡትንም ልጆች አንድ በአንድ ከየቤታቸው ለቀሟቸው። ማሩ በዚያ ሁሉ መሐል እንኳ፣ «በለው! ካምፕ ይገባል ያልነው ሰው እኛን ይዞ ገባ» ብሎ ጮኸ። ማንም አልሳቀለትም።

የእኔም የሐጂም ውጤት ቫይረሱ አለ የሚል ሆነ። ከእኔ ወደ እርሳቸው ተላለፈ ወይስ ሁለታችንም ከዚያችው ጣሳ ወሰድነው፣ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። ሾፌሮቹም ይጠጡባት ነበርና። ልጆቹ ግን ሁሉም ነፃ ወጡ። ሐጂ አሥራ አንድ ቀን በኦክስጅን ቆዩ። የሚያክማቸው ሐኪም ለልጃቸው፣ «አንድ ቀን ብትዘገዩ ኖሮ አናገኛቸውም ነበር» ማለቱን እዚያው ግቢ ውስጥ ሆኜ ሰማሁ። እኔ የዘገየሁትን አንድ ቀን አልቆጠረም። አያውቃትም።

ክለቤ ሌላ በረኛ አስፈረመ። ቡድን መሪው ደውሎ አልተቆጣኝም፤ «አይዞህ» ብቻ አለኝ። ሊጉ የተመለሰ ዕለት የክለቤን የመጀመሪያ ጨዋታ በቴሌቪዥን የተመለከትኩት ሐጂ ሱቅ ደጅ፣ ራቅ ብዬ ተቀምጬ ነው። ያ አዲሱ በረኛ አንድ ከባድ ኳስ ሲያወጣ ሐጂ ሊያጨበጭቡ እጃቸውን አነሡና እኔን አይተው መልሰው አወረዱት።

አሁን በሌላ ክለብ እጫወታለሁ፤ ተቀምጬም አይደለም። ሐጂ በሕይወት አሉ። ከሱቃቸው እስከ መስጊዱ ግን ሁለት ጊዜ ሳያርፉ አይደርሱም። ሲያርፉ ባየሁ ቁጥር የዚያች ቀን ሰዓቶች አንድ በአንድ ይመለሱብኛል። አልቀየሙኝም፤ ይህም አያቀልልኝም።

ዚሩ ዛሬም እዚያው ኒም ሥር ነው። በግንዱ ዙሪያ ምስማር ተመትቶ ብዙ ጣሳዎች ተሰቅለዋል። ለዕረፍት በሄድኩ ቁጥር ሐጂ አንዱን ሞልተው ይሰጡኛል። ዓይናቸው ጣሳው ላይ ይቀራል፤ እጃቸውም የድሮ ልማዱ ይዞት ትንሽ ይዘረጋል። እኔም ጠማኝ አልጠማኝ ሳልል እስከ መጨረሻዋ ጠብታ እጠጣለሁ። ከዚያ ጣሳውን ደፍቼ ባዶነቱን አሳያቸዋለሁ።