ከሊፍቱ አጠገብ ያለው ቦታ

ጥርስ ሠሪዋ ሰውን የምታውቀው ከአፉ ነው። ሐኪሞቹ የሰውን ድድ በጄሶ ቀርጸው ይልኩላታል፤ እሷ ሰም አቅልጣ፣ ቀለም መርጣ፣ ሞርዳና አስተካክላ አንድ አፍ ሙሉ ጥርስ አድርጋ ትመልሳለች። ሰዎቹን በዓይኗ ሳታያቸው «ይሄ ሰውዬ ሲተኛ ጥርሱን ያፋጫል»፣ «ይቺ ሴትዮ በግራ በኩል ብቻ ነው የምታኝከው» ትላለች። የሥራ ባልደረቦቿም «አንቺ እኮ ሰውን ሳትተዋወቂው ነው የምታሚው» እያሉ ይስቁባታል።

ግራ እግሯ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የሰለለ ነው። አጭር መንገድ ስትሄድ ጉልበቷ እንዳይከዳት ግራ መዳፏን ጭኗ ላይ ጫን አድርጋ፣ ትከሻዋን ዘንበል ቀና እያደረገች ትራመዳለች። ዳገትና ቁልቁለት ሲሆን ክራንች ትይዛለች። መኪና ግን አሳምራ ትነዳለች። ነዳጁም ፍሬኑም በእጅ እንዲሠራ ሆኖ የተገጠመላት አሮጌ መኪና አለቻት፤ መሪ ከጨበጠች ከማንም አታንስም። ጣጣው የሚመጣው ስትወርድ ነው።

አዲስ የተቀጠረችበት ላቦራቶሪ ያለው አንድ ትልቅ ሕንፃ ውስጥ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በምድር ቤቱ መኪና ማቆሚያ፣ ከሊፍቱ አጠገብ፣ የአካል ጉዳተኛ ምልክት በነጭ ቀለም የተሣለበት አንድ ሰፊ ቦታ አለ። የሰፋው ለክብር አይደለም። በሩ እስከ መጨረሻው ካልተበረገደ የሰለለ እግርና ክራንች አይወጣም፤ ነገሩ ይኸው ነው። ይህንን ሁለት ጤነኛ እግር ላለው ሰው ማስረዳት ግን ለዓሣ ስለ ጥም እንደ ማውራት ነው።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያላየችው ጉድ የለም። አንዱ ስልክ እያወራ ያቆምበታል። አንዷ «ጫማዬ ባለ ረጅም ተረከዝ ስለሆነ ነው» ትላለች። ሌላው «ለመውጣት ይመቻል» ይላል። አብዛኞቹ ደግሞ የላይኛው ፎቅ ስፖርት ቤት ደንበኞች ናቸው። እዚያ ላይ ለመሮጥ፣ ለመዝለልና ብረት ለማንሳት ላባቸው ጠብ እስኪል ይታገላሉ፤ ከመኪናቸው እስከ ሊፍቱ ያለችውን እፍኝ የማትሞላ መንገድ መራመድ ግን ሞታቸው ነው። የሁሉም አፍ «ሁለት ደቂቃ ብቻ!» ይላል። ያ ሁለት ደቂቃ ሲጠራቀም ጠዋቷን ሙሉ ይበላዋል።

ደግነቱ የማቆሚያው ዘበኛ ነበሩላት። ባለ ነሐስ ቁልፍ ካፖርታቸውን በጋ ከክረምት ስለማያወልቁ ሰው ሁሉ «ጄኔራሉ» ይላቸዋል። ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ምድር ቤቱን ያናውጣል። እሷ ስትመጣ ካዩ «አንሣ! አንሣ ብዬሃለሁ! እግር እያለህ ዓይን የለህም?» ብለው ያንን ሁሉ ጎረምሳ ያባርሩላታል።

አንድ ቀን ግን ቦታው ላይ ጥቁር ሰማያዊ መኪና ቆሞ አገኘች፤ ጄኔራሉም አልጮኹም።

«አባባ፣ ይሄኛው ደግሞ የማነው?» አለቻቸው በመስኮት።

ጠጋ ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እሱን እንኳ ምን ልበለው? እሱም እንዳንቺው ነው። እግሩን ሲጎትት ብታዪው አንጀትሽን ይበላዋል። ገና ወጣት፣ ያውም መልከ መልካም።»

«ታዲያ እሱ ከሆነማ መብቱ ነው» አለች። ሌላው ቦታ ሁሉ በሯን ስለማያስበረግድ መኪናዋን መለስ አድርጋ ውጭ፣ መግቢያው ቁልቁለት ላይ አቆመች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት ቦታው የእሱ ሆነ። እሷ ከቁልቁለቱ ላይ ክራንቿን ተደግፋ ትወርዳለች። ቅር አላላትም። እንዲያውም ደስ የሚል ነገር ተሰማት፤ በዚያ ጤነኛ እግር በሞላበት ሕንፃ ውስጥ የመራመድን ሕመም የሚያውቅላት አንድ ሰው አለ። አንድ ቀን ለጄኔራሉ «ጎበዝ ጫማ ሠሪ አውቃለሁ፤ ለሰለለ እግር የሚሆን ተረከዝ ይሠራል በሉት» ብላ ላከችበት። በማግስቱ መልስ መጣ። «'አንዲት እንዳንተ ያለች ሴት መልእክት ልካልሃለች' ስለው ዓይኑ እንባ አቀረረ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ሄጄ አየዋለሁ ብሏል» አሏት ጄኔራሉ። እሷም ቀኑን ሙሉ ልቧ ሞቆ ዋለ።

ዝናብ የጣለ ዕለት ቁልቁለቱ ሳሙና ሆኖ ጠበቃት። ክራንቿ ሸተት አለና በጎኗ ወደቀች። ይዛው የነበረው ሣጥን ተከፍቶ የአንድ ሽማግሌ ጥርስ ጭቃው ውስጥ ተበተነ። ሰው ከየአቅጣጫው ሮጦ መጣ፤ አንዱ ልጅ መንጋጋ አንሥቶ ሲያይ ጮኸ፤ እሷም በሥቃይ መሃል ሳቀች። የእጅ አንጓዋ ግን ክፉኛ ተጎድቶ ታሠረ። ሞረድ ስትይዝ ያማታል። ያኔም ቢሆን ክፉ አላሰበችም። «እኔ ባልወድቅ እሱ ይወድቅ ነበር» አለች።

ለዚያ ሽማግሌ ጥርሱን እንደገና ለመሥራት ከወትሮው ቀደም ብላ የመጣች ዕለት ቦታው ባዶ ነበር። ልትይዘው አሰበችና ተወችው፤ «ዛሬም እሱ ባይቸገር» ብላ። ገና መኪና ባልሞላበት ማዶ፣ ከምሰሶ ጀርባ አቁማ፣ አንጓዋን እያሻሸች ትንሽ ተቀመጠች። ጥቁር ሰማያዊው መኪና ወዲያው ገብቶ ቦታው ላይ ቆመ።

በሩ ተከፈተና ሰውየው ጀርባውን ሰጥቶ ወረደ። ግራ መዳፉን ጭኑ ላይ ጫን አደረገ። ትከሻው ዘንበል ቀና አለ። እግሩ ወደ ውጭ ክብ ሠርቶ ዞረና መሬት ጠረገ። ጥርስ ሠሪዋ መጀመሪያ አዘነች። ከዚያ ግራ ገባት። አካሄዱ የእሷ ነው። የእሷን የሚመስል ሳይሆን የራሷ የእሷ! ተረከዟን ከማሳረፏ በፊት የምትወስዳት ትንሽ ትንፋሽ ሳትቀር አለች።

ጄኔራሉ ሮጠው የሊፍቱን ቁልፍ ሲጫኑለት ሰውየው ፊቱን አዞረ። የታናሽ እህቷ ባል ነበር።

እናቷ «ሸጋው» የምትለው፣ ቤተሰቡ ሁሉ በዚሁ ስም የሚጠራው አማች። ይህንን የመሥሪያ ቤቱን መኪና እሷ አይታው አታውቅም፤ ወደ እናታቸው ቤት የሚመጣው በሚስቱ መኪና ነው። እሱም እሷ የት እንደምትሠራ አያውቅም። ስንት ዘመን አብረው ማዕድ ሲቀርቡ አንድ ቀን ጠይቋት አያውቅማ!

ሸጋው ሕመም ያዘለ ፈገግታ ለጄኔራሉ ሰጣቸው። ሽማግሌው ወደ በራቸው ሲመለሱ ሊፍቱ ዘገየበት መሰለኝ፣ ግራ ቀኙን ቃኘ፤ የስፖርት ቦርሳውን ትከሻው ላይ ወረወረና ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ወጣ።

ጥርስ ሠሪዋ ኮቴው ደረጃው ላይ እስኪጠፋ ከመኪናዋ አልወረደችም።

ቀኑን ሙሉ ሥራ እምቢ አላት። ከመቆጣት ይልቅ ተጸየፈች። ሰው ልብሷን ለብሶ፣ አልጋዋ ላይ ተኝቶ፣ ጥርሷን በአፉ ከትቶ ያገኘችው ያህል ሰውነቷ ሸከከባት። ደግሞ ያ «እግዜር ይስጥልኝ»! ያ እንባ!

እሑድ እናታቸው ቤት ለምሳ ተሰበሰቡ። ሸጋው እንደ ልማዱ ወንበር ሳበላት። «ነይ ተቀመጪ እትዬ። ይሄ እጅሽ አሁንም አልተሻለውም? ምነው ብትጠነቀቂ።»

«አንተ አስቀድመህ አንድ ነገር አድርግልኝ» አለችው።

«ምን ልታዘዝ?»

«እስቲ እዚያ ግድግዳ ድረስ ሂድልኝ። ምድር ቤት እንደምትሄደው።»

እናትየው ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሸጋው ግን ፊቱ አመድ መሰለ። ጥርስ ሠሪዋ ቁጭ ብላ፣ ድምፅዋን ሳታነሣ፣ ያየችውን አንድ በአንድ ተናገረች።

«ኧረ በስመ አብ! ሸጋዬ እንዲህ አያደርግም» አለች እናት። «ሰው ከሰው ይመሳሰላል ልጄ።»

«ራሱ አለ እማዬ፤ ጠይቂው።»

ሸጋው ጉሮሮውን ጠረገ። «እውነት ለመናገር እኔ አካል ጉዳተኛ ነኝ ብዬ አላውቅም። ዘበኛው ራሳቸው ናቸው የገመቱት። ደግሞ ወገቤን አልፎ አልፎ ያመኛል። ቦታው ባዶ ነበር፤ ማንን ጎዳሁ?»

«እኔን» ብላ የታሠረ እጇን ጠረጴዛው ላይ አኖረች።

«ያንቺ መሆኑን ባውቅማ ኖሮ…»

«የሌላ ሰው ቢሆን ደህና ነበር ማለት ነው?»

ሸጋው እንድታግዘው ወደ ሚስቱ ዞረ። ታናሽ እህቷ ግን ከፊቷ ያለውን ሳህን እያየች አጉተመተመች። «እኔ ለቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር።»

ጥርስ ሠሪዋ ቀስ ብላ ዞረች። «ምኑ ነው ለቀልድ?»

እህቷ አለቀሰች። ነገሩ ተጎልጉሎ ወጣ። ለካ ሸጋው አካሄዷን የተለማመደው እቤቱ፣ ሳሎኑ ውስጥ ነው። ከዚህ ከእናታቸው ቤት በተመለሱ ቁጥር «እትዬ ስትመጣ» እያለ እየተራመደ ሚስቱን ያስቃት ነበር። እህት፣ በልጅነቷ በዚያ በሰለለው እግር ጭን ላይ ተቀምጣ ፀጉሯን የተሠራች እህት፣ ሆዷን ይዛ ትስቅ ነበር።

«ልጄ» አለች እናት፣ «የቤት ገመና ከቤት አይውጣ። እዚሁ ይቅር በይው።»

«እማዬ፣ ገመናውን ይዞ ወደ አደባባይ የወጣው እኮ እሱ ነው» አለችና ክራንቿን አንሥታ ወጣች። ምሳውን ማንም የበላው አይመስለኝም።

ሰኞ ጠዋት ለጄኔራሉ ነገረቻቸው። ሽማግሌው የካፖርታቸውን ቁልፍ ፈተው መልሰው ቆለፉ። «ቦርሳውን ተሸክሜለታለሁ እኮ» አሉ። «እኔ በዚህ ወገቤ፣ ለዚያ ወጠምሻ!» ዞር ብለው ምራቃቸውን ተፉ።

ሸጋው ያንን ሕንፃ ሁለተኛ አልረገጠም። ሌላ ስፖርት ቤት ገባ ሲሉ ሰማች፤ እዚያስ የት ያቆም ይሆን ብላ ማሰብ አልፈለገችም። እናቷ ስትደውል ስለ ሁሉም ነገር ታወራለች፤ ስለዚያ ብቻ ትንፍሽ አትልም። እህቷ አንድ ቀን ላቦራቶሪው ድረስ መጥታ በሩ ላይ ቆመች። «ይቅር በይኝ። ስቄያለሁ» አለች። ጥርስ ሠሪዋ ከሰሙ ላይ ቀና ሳትል «ተቀመጪ» አለቻት፤ ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችም። አፏ እምቢ አለ። እህቷ ተቀምጣ ሥራዋን ስታይ ቆይታ ሄደች። ከዚያ በኋላም አልፎ አልፎ ትመጣለች።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደህና ነበር። አንድ ጠዋት ግን ጥርስ ሠሪዋ ምድር ቤት ስትገባ የጄኔራሉ ጩኸት ተቀበላት። አንድ ጠና ያለ ሰው መኪናውን ቦታው ላይ አቁሞ ቆሟል። ዙሪያውን ሰው ከቦታል።

«ስንቱ አንካሳ ነኝ እያለ አታልሎኛል! ውሸትህን ካልሆነ አሳየኝ!» ይላሉ ጄኔራሉ።

ሰውየው የመኪናውን በር ተደገፈ። ጎንበስ ብሎ የሱሪውን ጫፍ ያዘና እስከ ጉልበቱ ሰበሰበው። ከጉልበቱ በታች ሰው ሠራሽ እግር ነበር። ሊቀርጹት ስልካቸውን አውጥተው የነበሩት ስልካቸውን መለሱ። ጄኔራሉ አፋቸው እንደ ተከፈተ ቀረ።

ጥርስ ሠሪዋ ሁሉንም ከመኪናዋ መስኮት አየች። ሸጋው በሌለበትም ይህንን ሰው ሱሪውን አስገለጠው። እሷም ብትሆን ወሬውን ነግራ ስትሄድ ሽማግሌው ከዚያ በኋላ በምን ዓይን ሰው እንደሚያዩ አላሰበችበትም።

ወርዳ ወደ ጄኔራሉ ሄደች። «አባባ፣ ሁለተኛ ማንንም ሱሪውን እንዳያስገልጡ።»

«እና አታላዩን በምን ልየው ልጄ?» አሉ፤ ድምፃቸው ሰለለ። «በምን?»

ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው። የዚያን መልስ ሸጋው ይዞት ሄዷል።

ሰውየው ሱሪውን እያራገፈ ወደ ሊፍቱ ሄደ። ተከተለችው። ሁለቱም አዝጋሚ ስለሆኑ የሊፍቱ በር ሊዘጋባቸው ሲል እሱ ክንዱን አስገብቶ ያዘላት። ገቡ።

«ቦታው ያንቺ ነበር መሰለኝ» አላት በሩ ከተዘጋ በኋላ፤ ቁጣ የለበትም፣ ደክሞታል እንጂ።

«ቀድሞ የደረሰ ይቆምበታል» አለች። «ስንተኛ ፎቅ ነዎት?»