ከሸራው ጀርባ

ከዶርዜ ወደ አርባ ምንጭ የወረድነው በማለዳ ነው፤ ጉሙ ገና ደጃፉን ሳይለቅ። ባለቤቴ ታደሰ የሽመና ዕቃውን ፈትቶ ተሸከመ፣ እኔ የአራት ዓመት ልጃችንን ቤዛን አዘልኩ። እናቴ የቀርከሃው ቤታችን በር ላይ ቆማ «ቆላ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ፤ ልጅቷን ንፋስ እንዳይመታት» አለችኝ። ይቺን ቃል እንደ አደራ ይዤ ወረድኩ።

እናንተ ደጋ ያላችሁ፣ አርባ ምንጭ ሲባል ሙዝና ዓሣ ብቻ አይምሰላችሁ። በዝናቡ ወራት ጠዋት የተሰጣ ልብስ ማታም እርጥብ ነው፤ ጨው እንኳ ዕቃው ውስጥ ይረጥባል። ሲቀላ በሚባለው ሰፈር ያገኘናት አንዲት ክፍል ግድግዳዋ በአበባማ የላስቲክ ሸራ ተሸፍኗል። የጭቃ ግድግዳ ከማየት ተገላገልኩ ብዬ ደስ አለኝ፤ ሞኝ ነኝ። መስኮቷ አንድ ስለሆነች ብርሃኑ ለሽመናው ተሰጠ። የቤዛ መኝታ ጥጉ ጋ ሆነ፣ ራሷ ግድግዳውን እየነካ።

ዝናቡ እንደገባ ማሳል ጀመረች። ለእናቴ ደወልኩ።

«ንፋስ ነው። መስኮቱን ዝጊው» አለች።

ዘጋሁት። ሳሉ ሲብስ ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፍኩ። ስትተነፍስ ደረቷ ያፏጫል። ጤና ጣቢያ መድኃኒት ይሰጡናል፣ ትንሽ ይሻላታል፣ ከዚያ ያው ነው። በሦስተኛው ጊዜ አንዲት ነርስ «ቤታችሁ የእርጥበት ሽታ አለው?» አለችኝ። ከፋኝ፤ ቤቴን በየቀኑ ነው የማጸዳው።

«ስለ ንጽሕና አይደለም የጠየቅሁሽ። አልጋዋን ሳቢና ከጀርባው እዪ። ሻጋታ ካለ ትንፋሿን የሚያስቆጣው እሱ ነው።»

ቤት ገብቼ አልጋዋን ስቤ የሸራውን ጫፍ ገለጥኩ። ከወለሉ እስከ ልጄ ትራስ ድረስ ግድግዳው ጠቁሯል፤ ሻጋታው ጸጉር አውጥቷል። እኔ በገዛ እጄ ከዚህ ነገር ጋር ዘግቼባታለሁ።

አከራያችንን እትዬ አልማዝን ጠርቼ አሳየኋቸው።

«ይሄ የናንተ ነው። ቤቱ ደህና ነበር። እናንተ በጣም ትተነፍሳላችሁ» አሉ።

«ታዲያ ምን እናድርግ፣ እትዬ?»

«ቀስ ብላችሁ ተንፍሱ። ደግሞ ሸራውን ማን ግለጪ አለሽ?»

ፍቀን፣ አጥበን፣ ኖራ ቀባን። የጣሪያው ውሃ ግድግዳው ሥር ስለሚፈስ በቀጣዩ ዝናብ ተመልሶ መጣ። ሌላ ቤት ፍለጋ ወጣን፤ በሄድንበት ሁሉ ሸራ ነው። ጫፉን ስነካ አከራዮቹ ሌባ እንዳየ ሰው ይቆጣሉ።

እኛ ዘንድ የቀርከሃ ቤት ሥሩን ምስጥ ሲበላው ጎረቤት ይጠራል፤ ቤቱን እንዳለ ነቅለው፣ ተሸክመው፣ ሌላ ቦታ ያሳርፉታል። ይሄኛውን ማን ይሸከመዋል? ታደሰ ቤዛን አዝሎ ወደ እናቴ ወሰዳት። እሱ ለሽመናው፣ እኔ ለሙዝ ንግዴ እዚሁ ቀረን። ትራሷን አጥቤ ፀሐይ ላይ ሳሰጣው አለቀስኩ።

ትናንት እናቴ ደወለች።

«ሳሉ የለም። አየሽ? መስኮቱን ዝጊ ብዬሽ ነበር። ሳትዘጊው ቀርተሽ ነው።»

የጎዳትስ መዝጋቴ ነው ልላት ምንም አልቀረኝ። በዚህ ዕድሜዋ ይሄን ምን ብዬ ላሸክማት?

«አዎ እማዬ፣ ረስቼ ነው» አልኳት።

ስልኩን ለቤዛ ሰጠቻት። መጀመሪያ ትንፋሿን ሰማሁ፣ ፉጨት የሌለው።

«እማ፣ አንቺስ ታስያለሽ?»

«አላስልም፣ የኔ እናት» አልኩና ስልኩን ለታደሰ አቀብዬ ሳሌ እስኪያልፍ ደጅ ቆምኩ።