አንዱ ቅል

ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ አባቴን ከጅጋ ይዤ ጣና ዳር ወደምትገኝ አንዲት ጸጥ ያለች የመዝናኛ መንደር ሄድኩ። ልጅ ሳለሁ፣ በሰኔና በመስከረም የሞላውን ወንዝ እያሻገሩ ትምህርት ቤት ያደርሱኝ የነበሩት እሳቸው ናቸው። እንዳልሰጥም ሆዴ ላይ ባዶ ቅል ያስሩልኛል፤ በአንድ እጃቸው እኔን፣ በሌላው የበሬያችንን ጅራት ይይዛሉ። ስፈራ «ውሃውን አትይው፤ ዳሩን እይ» ይሉኛል። እንዲህ ተምሬ ፍኖተ ሰላም ላይ አስተማሪ ሆንኩ። ለእሳቸው ግን ውሃ መቼም ቢሆን ስጋት እንጂ ደስታ ሆኖ አያውቅም። አንዴ እንኳ ውሃ ላይ ሲደሰቱ ላያቸው ፈለግሁ። ሌላ ማመስገኛ አላወቅሁም።

ሐይቁ ላይ ወጣቶች ካያክ የምትባለውን ጠባብ ጀልባ እየቀዘፉ ይገለበጣሉ፤ ይስቃሉ። አባቴ በትራቸውን ተደግፈው አዩዋቸው።

«ወደው ነው የሚወድቁት?»

«ወደው ነው አባባ።»

«እንግዲህ እግዜር ያውቅላቸዋል» አሉ።

እኛ የተከራየነው ለሁለት ሰው የምትሆን የመቅዘፊያ ጀልባ ነበር። ጀልባ ጠባቂው ለየራሳችን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ላይፍ ጃኬት ሰጠን። የእኔን ለብሼ ቀና ስል፣ አባቴ ጎንበስ ብለው የራሳቸውን ጃኬት ሆዴ ላይ ያስራሉ።

«እኔማ ለብሻለሁ፤ ይሄ የእርስዎ ነው።»

«ግድ የለሽም፣ ይደረብልሽ።»

ወጣቶቹ ሳቁ። እኔም አፈርኩና «አባባ፣ ሰው እያየን ነው እኮ» ብዬ ተቆጣሁ። ቁጡነቴን ከማን እንደወረስኩት አላውቅም፤ ከእሳቸው ግን አይደለም።

ጠባቂው አባቴን ዋና ይችሉ እንደሆነ ጠየቃቸው። እሳቸውን ቀድሜ «ወንዝ ሲያሻግሩኝ የኖሩ ሰው ናቸው» አልኩት።

«ኧረ እኔስ አልችልም» አሉ አባቴ።

የሚቀልዱ መሰለኝ። «ታዲያ ያን ሁሉ ክረምት እንዴት ተሻገርን?»

«የሚዋኘውማ በሬው ነው። የእኔ ሥራ ጅራቱን መያዝ ነው።»

«ጅራቱ ቢያመልጥዎትስ ኖሮ? ለምን ለራስዎም ቅል አላሰሩም?»

«ቅሉ አንድ ነበር» አሉ፣ የጃኬቱን ማሰሪያ እያጠበቁልኝ።

በሰው ፊት የተቆጣኋቸው ቆጨኝ፤ እንባዬም መጣ። ጃኬቱን ከሆዴ ፈትቼ አለበስኳቸው። እጃቸውን ዘርግተው ቆሙልኝ። ማሰሪያዎቹን አንድ በአንድ ቆለፍኩ፤ ደግሜም ሞከርኳቸው።

ጀልባዋ ከዳር ስትርቅ ጠርዟን ጨብጠው ዓይናቸውን ውሃው ላይ ተከሉ። መቅዘፊያውን አስቀምጬ እጃቸውን ያዝኩ።

«ውሃውን አይዩት አባባ» አልኳቸው። «ዳሩን ይዩ።»

ዳሩን አዩ። ቆይተው ፊታቸው ፈታ አለ፤ እጃቸውንም ከጠርዙ አንስተው ጭናቸው ላይ አሳረፉ። ዞረን ስንመለስ ጠባቂው ሊያወርዳቸው እጁን ዘረጋ። አባቴ ግን ከተቀመጡበት አልተነሱም።

«እንድገማ» አሉኝ።