ጳጉሜም ደመወዝ አለው

ከአብዮቱ በፊትም በመካነ ሰላም የታወቅሁ ሰው ነበርኩ። አቤቱታ የሚያጽፍ ሁሉ እኔ ዘንድ ይመጣል፤ ክርስቲያኑም እስላሙም ሬሳውን በሚያወጣበት ቅሬ ጸሐፊው እኔ ነኝ፤ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች ድርሻቸውን አስልቼ እንዳስታርቃቸው ከከላላ ድረስ በበቅሎ ይመጡ ነበር። ትምህርት ቤት አልገባሁም። ፊደልን ከቄስ፣ ማባዛትን ከጨው ነጋዴ ተማርኩ። ማካፈልን ግን ማንም አላስተማረኝም፣ ራሴ ደረስኩበት። ከእኔ በፊት ሌላ ሰው ደርሶበት እንደነበር የሰማሁት ኋላ ነው፤ ቢሆንም ክብሬን አይቀንሰውም።

ረሃቡ ሲጠና የእርዳታ ስንዴ በመኪና መጣልንና መጋዘን ገባ። ገብቶም ተቆለፈ። ሌላ ወረዳ የተላከ እህል መንገድ ላይ እንደ ጉም ተኖ ጠፍቶ ኖሮ፣ የሒሳብ ያዥነት ፈቃድ ያለው ሰው ካልተረከበው አንድ ቁና እንዳይወጣ ታዘዘ። ፈቃዱ የሚገኘው ደሴ ሄዶ ፈተና በማለፍ ነው። በእኛ ወረዳ ደግሞ ፈቃድ ያለው ሰው የለም። ስለዚህ ስንዴው ውስጥ፣ ሰዉ ከመጋዘኑ ግድግዳ ሥር ሆነው ይተያዩ ጀመር። አስተዳዳሪው በየጠዋቱ እየመጣ ቁልፉን ይነካካና፣ «አይዟችሁ፣ እህላችሁ በሚገባ ተጠብቋል» ይላቸዋል። ከሚሰሙት አንዳንዶቹ በማግስቱ አይኖሩም።

እፈተናለሁ አልኩ። ሌላ ማን ይፈተን?

ከአንድ አስተማሪ የሒሳብ አያያዝ መጽሐፍ ተዋስኩ። እንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ አላውቅም፤ ቁጥር ግን የትም አገር ቢጻፍ ያው ቁጥር ስለሆነ ቁጥር ቁጥሩን አነበብኩ፣ በመካከሉ ያለውን ወሬ ዘለልኩት። አስተማሪው የገባው በግራ፣ የወጣው በቀኝ ይጻፋል፣ ግራው ዴቢት፣ ቀኙ ክሬዲት ይባላል ብሎ አስረዳኝ። እንዳይምታታብኝ በቤተ ክርስቲያን አቋቋም ያዝኩት፤ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ። ለሚስቴም አስተማርኳት።

«ወንዱ ተቀባይ፣ ሴቷ ሰጪ ማለት ነው» አልኳት።

«ለዚህ መጽሐፍ መዋስ ምን አስፈለገህ? እኔን አትጠይቀኝም ነበር?» አለችኝ።

ጎረቤቴ ሼሁ ከድርቁ የተረፈችውን በቅሏቸውን ሰጡኝ። ዱአ አድርገው ሲያበቁ፣ «አላህ ይግለጥልዎ። ባይገልጥልዎም በቅሎዋን ይመልሱልኝ» አሉኝ።

ደሴ ስደርስ ፈተናው በአማርኛ ሆኖ ሳገኘው ትንሽ ቅር አለኝ፤ እኔ የተዘጋጀሁት ለእንግሊዝኛው ነበር። ቢሆንም ከሁሉም ቀድሜ ጨርሼ ወጣሁ። ወረቀታችን ሲታረም ዋልንና ወደ ማታ ፈታኙ አስጠራኝ። ገና ጢሙ ያልጠና ልጅ ነው። ከጎኑ አንድ መቶ አለቃ ተቀምጧል፤ ያን ጊዜ የትም ቢሮ አንድ ወታደር ሥራውን ይከታተል ነበር።

«ጋሼ፣ በአንድ ጥያቄ ወደቁ» አለኝ ልጁ። «ለከርሞ ይምጡ።»

ከርሞ ማለት ለእኔ ቀላል ነው። ግድግዳው ሥር ለተቀመጡት ግን ከርሞ የሚባል ነገር አልነበረም። «የትኛው ነው?» አልኩት።

ጥያቄው የወር ደመወዙ ሃምሳ ብር የሆነ ዘበኛ በዓመት ስንት ይቀበላል የሚል ነበር። ልጁ የሚፈልገው ስድስት መቶ ነው። እኔ ስድስት መቶ ስምንት ብር ከሠላሳ ሦስት ሳንቲም ብያለሁ።

«ይህን ስምንት ብር ከየት አመጡት?»

«ከጳጉሜ።»

«ጳጉሜ ደመወዝ የለውም እኮ፣ ጋሼ።»

በሕይወቴ የወር ደመወዝ በልቼ ስለማላውቅ እንዲህ ያለ ነገር ሲነገረኝ የመጀመሪያዬ ነው። «ዘበኛው በጳጉሜ ይጠብቃል?» አልኩት።

«ይጠብቃል።»

«ይበላልስ?»

«እሱ የሒሳብ ጥያቄ አይደለም።»

መቶ አለቃው ሲጋራውን አጠፋ። «ቆይ እስቲ፤ ለእኛም አይከፈልም?»

«ለማንም አይከፈልም፣ ጌታዬ። ደንቡ ነው።»

«እና እስከ ዛሬ ጳጉሜ ጳጉሜን በነፃ ነው የዘመትኩት?»

መቶ አለቃው ቀበቶውን አስተካከለ። «ይሄ የድሮው ሥርዓት ሒሳብ ነው። የሰውዬው ትክክል ነው።»

ልጁ ወረቀቴን አየ፣ የመቶ አለቃውን ሽጉጥ አየ፣ እንደገና ወረቀቴን አየ። «በደንብ ሲታይ» አለ፣ «ጥያቄው ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል።» ማኅተሙንም መታልኝ።

እስከ ዛሬ ያሳለፈው ሽጉጡ ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። ሽጉጥ ማባዛት አይችልም። ያሳለፈኝ መልሴ ነው።

እንግዲህ የሠራሁትን ልናገር፤ እኔ ካልተናገርኩ ማን ይናገርልኛል። ከደሴ ተመልሼ በገባሁበት ጠዋት መጋዘኑን አስከፈትኩ። ቤተሰቡን በየቅሬው አስመዘገብኩ፤ ቅሬ የሰውን ቤት ስለሚያውቅ የሌለ ልጅ የሚያስመዘግብ አልተገኘም። የአስተዳዳሪው አማች ሦስት ባዶ ጆንያ ይዞ መጣ፤ ሦስቱንም ባዶውን ይዞ እንዲመለስ አደረግሁ። መነሣት ላቃታቸው እቤታቸው ድረስ አስፈጭቼ ላክሁ። የሼሁን በቅሎ መለስኩ፣ ስወስዳት ከነበረችው ትንሽ ወፍራ። ደሴ ሳለሁ የሞቱትን ማስነሣት አልቻልኩም። ሌላውን ሁሉ ችያለሁ።