የሰው ድምፅ በእኔ ጣት

ለማንም ያልነገርኩት፣ ሟቹ ባለቤቴም ሳያውቀው የቀረ ነገር አለ። ደሴ ሳለሁ ዓይነ ስውሯ ጎረቤቴ እማማ ከድጃ በምርጫ ቀን «ምልክት አድርጊልኝ» ቢሉኝ፣ እሳቸው ያሉትን ትቼ የራሴን መረጥኩላቸው።

ሰሞኑን ስለ አንድ የእንግሊዝ ምርጫ ክልል ታሪክ ሳነብ፣ ድሮ ጭሰኛው ድምፁን የሚሰጠው ባለመሬቱ እየሰማ፣ ጮክ ብሎ እንደነበር አወቅሁ። ባለመሬቱን ስረግም ቆይቼ ራሴን አስታወስኩ።

ዛሬ እዚህ ባሕር ማዶ በምኖርበት ስኮትዴል፣ እንግሊዝኛ የማያነቡትን የአገሬን ሰው እትዬ ዘይነባን በማሽን ስክሪን ላይ ድምፅ ሲሰጡ አገዝኳቸው።

«የኔን እንጂ ያንቺን እንዳትጫኚ!» አሉኝ እየሳቁ።

የመረጡት እኔ የማልወደውን ሰው ነው። (ምርጫቸው እንዲህ እንደሚከፋ ባውቅ ኖሮ መነጽሬን ቤት እረሳ ነበር።) ጣቴ አመነታ፤ ግን ያሉትን ተጫንኩ። ማሽኑ አትሞ ያወጣውን የምርጫ ወረቀትም አነበብኩላቸው። ስወጣ ቀለል አለኝ።

እናንተስ የሰው አደራ ይዛችሁ ያመነታችሁበት ቀን አለ? ጻፉልኝ። እኔ ይህንኑ ጽሑፍ ደሴ ላለችው ለእማማ ከድጃ ልጅ፣ ለሶፊያ እየላክሁላት ነው።